አስቀያሚዋ የኔ ናት

ፎንግኬው ወደ ቤታችን የመጣች ቀን እናቴ ከጨው ምድጃዋ ተነሳች። ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ወባ ይዞኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ እንኳ ከምድጃው አጠገብ አስተኝታ፣ በአንድ እጇ ግንባሬን እየዳሰሰች በሌላው እንጨት ስትማግድ ነው የማውቃት። የጨው ውሃ እየፈላ ጥለውት አይነሱም፤ ድስቱ ያርራል፣ ጨውም ይጠቁራል። ያን ቀን ድስቱ አረረ። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ከሽታው ጋር የገባብኝ ቅናትም እንደዚያው።

ልጅቷን ይዘው የወረዱት ወታደሮች ነበሩ። ያኔ ከመንደራችን በላይ ያለው ሸንተረር ሁሉ ጦርነት ነበር። ከሸንተረሩ ወዲያ ላኦስ ነው፣ ከሸንተረሩ ወዲህ እኛ በታይላንድ ያለን የናን ሰዎች ነን። መሃል ላይ ያሉት የሉዋ ጎሳ መንደሮች ግን ሁለቱም ወገን "የማን ናችሁ?" እያለ ሲያፋጥጣቸው ይከርምና በመጨረሻ ቤታቸው ይቃጠላል። የልጅቷን መንደር ማን እንዳቃጠለው አንዱ ወታደሮቹ ናቸው አለ፣ ሌላው ጫካ የገቡት አማፂዎች ናቸው አለ፤ ሁለቱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። እኔ የራሴ መልስ ነበረኝ። ትምህርት ቤታችን የተሰቀለው ካርታ ላይ በሸንተረሩ አናት የሚያልፍ ቀይ መስመር አለ። መስመሩ እሳት ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ "ከድንበሩ ላይ አገኘናት" ሲሉ፣ ፀጉሯ ጫፍ ጫፉ ተለብልቦ ሳይ፣ ምንም አልገረመኝም።

የመንደሩ ሹም "ማን ይወስዳታል?" አለ።

ሁሉም እግሩን ማየት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ የምትወሰድ አይነት አልነበረችም። ራሷን ቁስል ወሮታል፣ ንፍጧ ከንፈሯ ላይ ደርቋል፣ ሆዷ ተነፍቶ እግሯ እንደ ክር ቀጥኗል። ዕድሜዋ እንደኔ ይሆናል፤ ሰባት ቢበዛ ስምንት። አልቅሳ የጨረሰች ልጅ ነበረች።

እናቴ በሰው መሃል ሰንጥቃ ወጣች። እጆቿ እስከ ክርኗ በጨው ነጥተዋል። ልጅቷን ብድግ አድርጋ አነሳቻትና ወደ ሰዉ ሳይሆን የጨው ውሃ ወደምንቀዳበት ጉድጓድ፣ የአድባሩ ትንሽ ጎጆ ወዳለችበት ዛፍ ዞራ ጮኸች።

"እዩልኝ! አቤት ስታምር! ዓይኗን እዩት፣ ጉንጯን እዩት! የኔ ናት! የኔ ልጅ ናት፣ ስሟንም ፎንግኬው ብያታለሁ!"

ፎንግኬው ዕንቁ ያለበት ስም ነው፤ የመሳፍንት ሴቶች የሚወጣላቸው። እኔ ኪያት ነኝ። ኪያት በሩዝ ማሳ ውስጥ የምትዘል ትንሽ እንቁራሪት ናት።

አባቴ የጨው ውሃ የሚቀዳበትን የቀርከሃ ባልዲ እንደያዘ ቆሞ ነበር። "ሴንግላ፣ ተይ። ይሄ ኃጢአት ነው" አላት።

"ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ ውሃህን ቅዳ!"

የጎረቤታችን ምድጃ ባለቤት እማማ ቡንማ የምታኝከውን የኮመጠጠ የሻይ ቅጠል ወደ ጎን እንትፍ አለችና "ተዋት ኢንታ" አለችው። "ልጅቷ እንደሆነ የሚያለቅስላት ዘመድ የላት።"

የተናገሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን በራሴ መንገድ ነው። አባቴ ለእኔ ተቆርቁሮ የሰው ልጅ ከራስ ልጅ ማስበለጥ ኃጢአት ነው ያለ መሰለኝ። እማማ ቡንማ ደግሞ ያዘነችላት መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ስድብ መናገር አለብኝ። በእኛ መንደር ሕፃን ሲወለድ "አቤት ስታስቀይም! ዝንጀሮ ነው እንዴ የወለድሽው?" ነው የሚባለው። ቆንጆ ነው ብሎ የሚያመሰግን ጎብኝ ካለ እናትየው ልጇን አቅፋ ወደ ጓዳ ትገባለች። የጉድጓዱ አድባር ይሰማል፣ ዓይኑ ውስጥ የገባውንም ይወስዳል። ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። ዳሩ ግን ልጅ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ስድቡ ይቀራል። እኔ ድክ ድክ ብዬም፣ ትምህርት ቤት ገብቼም፣ የፊት ጥርሴ ወልቆ በቅሎም አልቀረልኝም። "ነይ አንቺ አስቀያሚ፣ ሩዝሽን ብዪ።" "ይቺ ደፍጣጣ የት ሄደች?" ጓደኞቼ እናቶቻቸው በስማቸው ሲጠሯቸው እኔ በእንቁራሪት ነው የምጠራው። ስለዚህ የእኔ ነገር ወግ ሳይሆን እውነት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አስቀያሚ ነኝ፣ እናቴም ዓይን አላት፣ አለቀ። ተቀብዬው እኖር ነበር፤ ያቺ ንፍጣም ቆንጆ ተብላ እስክትመጣ ድረስ።

ከዚያ በኋላማ በቁሜ ነደድኩ። አያቴ ሸምና ያቆየችልኝ ጠርዙ ቀይ የሆነ ሽርጥ ለፎንግኬው ተሰጠ። የብር አምባሬ ከእጄ ወልቆ እሷ እጅ ላይ ገባ። እኔ የአባቴን አሮጌ ሸሚዝ እስከ ጉልበቴ ለብሼ እዞራለሁ። ማታ ስንተኛ ለእሷ ቀይ ብርድ ልብስ ይነጠፍላታል፣ ያውም በሩ አጠገብ፣ ንፋሱ በሚገባበት በጥሩው ቦታ። እኔ ከግድግዳው ጥግ፣ ከእናቴ ጀርባ፣ የጨው ጆንያ ለብሼ። ፀሐይ ስትገባ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ "ፎንግኬው! የኔ ቆንጆ! ፎንግኬው!" ብላ ሸለቆውን ታስተጋባዋለች። እኔን በስም አትጠራኝም፤ እጇን ወደ ታች አድርጋ ትወዘውዝልኛለች፣ ዶሮ እንደሚጠራ ሰው።

እናቴ በሸሚዟ ጫፍ የፎንግኬውን አፍንጫ ስትጠርግላት፣ ቁስሏን በጨው ውሃ ስታጥብላት፣ "ቆንጆዬ" ስትላት፣ የሚጣበቀውን ሩዝ ከሙዳዩ ቆንጥሬ በቃሪያ ድልህ እያጠቀስኩ ብጎርስም አልወርድ ይለኛል። ፎንግኬው ደግሞ አትከራከር፣ አትኮራ፣ አትናገር። ሽርጡን ለብሳ፣ አምባሩን አድርጋ፣ እናቴ ባስቀመጠቻት ቦታ ትቀመጥና እኔን ታየኛለች። ዓይኗን ከእኔ ነቅላ አታውቅም። እየተሳለቀችብኝ ነው ብዬ ምላሴን አወጣባታለሁ።

የጉድጓዱ በዓል ሲደርስ ነገሩ ባሰ። በዚያ ቀን የመንደሩ መግቢያ በቀርከሃ ይዘጋል፣ እንግዳ አይገባም፣ ምድጃ ሁሉ ይጠፋል፤ አሳማና ዶሮ ታርዶ ለአድባሩ ይቀርባል። ድሮ የናን መሳፍንት ሳይቀሩ ከዚህ ጉድጓድ ጨው ይገበርላቸው ነበር፤ መሳፍንቱ ሄደው አድባሩ ቀርቷል፣ ግብሩን የሚቀበለው እሱ ነው ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ልጆች ሁሉ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ላይ አበባ ሰክተው ይሄዳሉ።

እኔ ተራዬ ደርሶ ስቀርብ እናቴ እጇን ከድስቱ ቂጥ ላይ ጠራርጋ ፊቴን በጥላሸት ቀባችኝ። ከግንባሬ እስከ አገጬ። "ቤት ቆዪ። ብትወጪ እግርሽን እሰብረዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ ፎንግኬውን እጇን ይዛ ሄደች፤ ፀጉሯ ላይ አበባ፣ እጇ ላይ የእኔ አምባር።

እግሬ ቢሰበርም ይሰበር ብዬ ተከተልኳቸው። ከማገዶ ክምሩ ኋላ ተደብቄ አየሁ። እናቴ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ፎንግኬውን አስቁማ ተንበረከከች።

"ጌታዬ፣ ያለችኝ ልጅ ይህቺ ናት። ሌላ የለኝም። እያት፣ እንዴት ታምራለች።"

ሌላ የለኝም አለች። በጆሮዬ ሰማሁት።

በማግስቱ ሁሉም ሥራ ላይ ሳለ ሽርጡን ከፎንግኬው ቀማኋት፣ አምባሩንም። ራሷ አውልቃ ነው የሰጠችኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ፊቴን በወንዙ ውሃ እስኪቀላ ፈተግሁ። ጆሮዬ ላይ አበባ ሰካሁና ጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው እንጨት ላይ ወጣሁ። እናቴ ምድጃው በር ላይ ነበረች።

"እማዬ! እዪኝ! እኔስ አላምርም?"

እናቴ እንደዚያ ስትሮጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከእንጨቱ ላይ ጎትታ አወረደችኝ፣ በጥፊ አጮለችኝ፣ አበባውን ረገጠችው፣ ሽርጡን እዚያው ሰው ፊት ገፈፈችኝ። አመድ አፍሳ ራሴ ላይ ደፋችብኝ። "አስቀያሚ! የውሻ ትራፊ! ማን ነው አንቺን የሚያየው? ማን ነው የሚፈልግሽ?" እያለች ስትጮህ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ እኔ ከጥላቻ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መምህር ሆኜ ለዕረፍት ስመጣ፣ እማማ ቡንማ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያን ቀን አነሳሁባት። ጥርስ አልቀራትም፣ ምላሷ ግን እንደነበረ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ተምረሽ ተምረሽ ይሄ አልገባሽም?" አለችኝ። "እናትሽ ከአንቺ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራለች። የመጀመሪያው ሲድህ ሄደ፤ እሺ፣ የስንቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን አድጎ ነበር፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲዘፍን እናትሽ ራሷን ረሳችና 'የኔ ቆንጆ' አለችው። አንዴ ብቻ። ወሩ ሳያልቅ ወባ ወሰደው።"

"ወባ ነዋ፣ እማማ።"

"ወባ መሆኑን መች አጣችው! ትንኟን ማን ላካት ነው የሷ ጥያቄ። ስለዚህ ያቺ ሜዳ ላይ የወደቀች ልጅ ስትመጣ... አድባሩ ቆንጆ ከፈለገ ቆንጆ ይኸውልህ፣ የኔን ተውልኝ ነው ነገሩ። ደጃፍ ላይ ያስተኛቻት ለምን ይመስልሻል? መጀመሪያ እንዲያገኛት ነዋ! አንቺ ወጥመድ ላይ በተደረገ ምግብ ላይ ነበር የምትቀኚው።"

ስቃ ስቃ ሲያስላት ጀርባዋን መታሁላት። አባቴ ለምን ኃጢአት ነው እንዳለ ያኔ ገባኝ። "የሚያለቅስላት የላት" የሚለው ቃልም ምን ያህል ጨካኝ ቃል እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔ በአሮጌ ሸሚዝና በጥላሸት ስር ስደበቅ፣ የምቀናባት ልጅ በቀይ ሽርጥ አጊጣ በሩ ላይ ሞቷን ትጠብቅ ነበር። እዚያው አጠገቧ አልቅሼ ሳበቃ ግን አንድ ክፉ ደስታም ተሰማኝ፤ ለካ የምወደደው እኔ ነበርኩ።

ደስታው ብዙ አልቆየም፤ የክረምቱን ነገር አስታወስኩ።

የቡድሃ መነኮሳት ከገዳማቸው በማይወጡበት በዚያ ክረምት ምድጃዎቹ ያርፋሉ፤ ዝናቡ ሸንተረሩን ይሸፍነዋል፣ ትንኝ ይፈላል። ፎንግኬው ታመመች። በሩ አጠገብ ቀይ ብርድ ልብሷ ውስጥ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። እናቴ ግን አልቀረበቻትም። ከቤቱ ወዲያኛው ጥግ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ታያታለች። ውሃ የሚያቀርብላት አባቴ ነበር፤ እናቴን ቀና ብሎ ሳያይ ነው የሚያልፈው። እኔ በደስታ ልፈነዳ! በመጨረሻ ሰለቸቻት፣ ነቃችባት፣ አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀርቤ ላያት ፈለግሁ። የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚመስል ማየት ያምረኝ ነበር። ጥቂት እንደተራመድኩ ፎንግኬው ዓይኗን ገለጠችና በዚያ ኮልታፋ የሉዋ አነጋገሯ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "አትምጪ፣ ኪያት" አለችኝ። "በሩ ጋ አትምጪ። ያይሻል። እኔን ነው የሚወስደው፤ አንቺ ከእማዬ ኋላ ግቢ።"

ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። "እማዬ" ስትልም እንደዚያው። በሽታው እያስለፈለፋት ነው ብዬ ወደ እናቴ ዞር አልኩ።

እናቴ ተነስታ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። አልፋኝ ሄደችና ቀዩን ብርድ ልብስ ከልጅቷ ላይ ገፍፋ በበሩ ወረወረችው፤ ጭቃው ላይ ወደቀ። አምባሩን ከእጇ አወለቀችው። ወደ ጠፋው ምድጃ ሮጣ እጇን በጥላሸት አጥቁራ ተመለሰችና የፎንግኬውን ፊት፣ አንገት፣ ደረት ቀባባችው። ከዚያ በበሩ ወደ ጉድጓዱ አድባር ዞራ ጀመረች።

"አስቀያሚ! ጥቁር ማሰሮ! ራሷ ቁስላም፣ እግሯ ክር! የማንም አይደለችም ብለህ እንዳትመጣ፤ ይቺን ማን ይፈልጋታል? ውሻ አይበላትም! ሰማህ? አስቀያሚ ናት!"

እየጮኸች ታለቅሳለች። ልጅቷን ታቅፋ ጎትታ ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ወደ እኔ ቦታ አመጣቻትና ከእኔው ጆንያ ስር አስገባቻት። ራሷ ሄዳ በሩ ላይ፣ ቀዩ ብርድ ልብስ በነበረበት ቦታ ተጋደመች።

እኔስ? እኔማ ከዚያ በላይ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተዋረደች! ሽርጡ ቀረ፣ አምባሩ ቀረ፣ ቆንጆነቱም ቀረ፤ እኩል ሆንን። ያሸነፈ ሰው ቸር ይሆናልና ጆንያዬን ግማሹን ለቀቅሁላት፣ እንዲያውም ትኩስ እግሯ እግሬን ሲነካኝ አልሸሸሁም። እናቴ ከበሩ ሆና ስድቧን ስታወርድ እኔ ጥግ ሆኜ ከስድብ ሁሉ የሚጥመውን በሆዴ እደግም ነበር።

ፎንግኬው ዳነች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቆንጆ የሚባል ሰው ጠፋ። ሁለታችንም በአሮጌ ሸሚዝ አደግን፣ ሁለታችንም "እናንተ አስቀያሚዎች፣ ራት!" እየተባልን ተጠራን። ያ በሆዴ የጨፈርኩበት ከሰዓት እናቴ የእኔ ብቻ የነበረችበት የመጨረሻው ቀን መሆኑን ያወቅሁት ከእማማ ቡንማ አጠገብ ተነስቼ ወደ ቤት ስሄድ፣ መንገድ ላይ ነው። መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። ሰባት ዓመቴ እያለ መቅናት የነበረብኝን ቅናት ሰላሳ ሲሆነኝ ቀናሁት።

አሁን መንደራችን ድረስ አስፋልት ገብቷል። ወታደር የወረደበት ቁልቁለት ላይ የእንግዳ ማረፊያዎች ተደርድረዋል፤ የከተማ ልጆች ጉም ፎቶ ሊያነሱ ይመጣሉ። እኔ በናን ከተማ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፎንግኬው አልሄደችም። የእናታችንን ምድጃ ይዛ ጨው ታፈላለች፤ እናታችንንም ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ዘንድሮ ለአዲስ ዓመት ስመጣ ምድጃው በር ላይ አገኘኋትና ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ልጅ ሳለን እንዴት እንደቀናሁብሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"እኔ ነኝ እንጂ" አለች እንጨቱን እየገፋች። "እሷ 'ቆንጆዬ' ስትለኝ ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በእኛም መንደር ሕፃን ይሰደባል፤ የወለደችኝ እናቴ እስከሞተችበት ቀን ስትሰድበኝ ነበር። አንቺን 'አስቀያሚ' ባለችሽ ቁጥር ጆሮዬን እይዝ ነበር። መቼ ነው እኔን የምትሰድበኝ እያልኩ።"

አንድ እንጨት አንስቼ ማገድኩላት። ተነስተን ወደ እናታችን ሄድን።

በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሰው መለየት ካቆመች ከርማለች፤ ፎንግኬው በስልክ ስትነግረኝ ነበር። የጃስሚን አበባ የተነከረበትን የአዲስ ዓመት ውሃ በሳህን ይዤ ተንበረከክሁና፣ እንደ ወጉ፣ እጆቿ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። እርጥብ እጇን አንስታ ጉንጬን ያዘችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"አቤት ስታምር!" አለች። "እንዴት ያለች ቆንጆ ሴት! የማን ልጅ ናት?" ከዚያ ወደ ፎንግኬው ዞራ ተቆጣች። "አንቺ አስቀያሚ፣ ምን ይገትርሻል? ለእንግዳዋ ምንጣፍ አንጥፊላት እንጂ!"

ፎንግኬው ምንጣፉን አላነጠፈችም። በአንድ ዝላይ ከፊቴ ቆመችና፣ በጀርባዋ ከልላኝ፣ ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ፣ ፎቶ የሚያነሱት ልጆች ሁሉ ደንግጠው እስኪዞሩ ድረስ ጮኸች።

"ውሸቷን ነው! ቆንጆ አይደለችም! ደፍጣጣ ናት፣ አርጅታለች፣ ጥርሷ አልቋል! ማንም አይፈልጋትም!"

"ባለጌ!" አለቻት እናቴ። "እንግዳ ይሰደባል እንዴ?" እኔን ወደ እሷ ሳብ አድርጋ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ አትስሚያት። ይቺ የኔዋ ነች፣ እንዲህ ናት። አንቺ ቆንጆ ነሽ።"

ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ቃል ነበር። እጇን ሳምኩ። ቀና ስል ፎንግኬው በረንዳው ጫፍ ላይ የእናታችንን ስድብ ጠጥታ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፤ ቀናሁባት።